መንገድ ላይ የተቀመጡት እናቶች

አንድ ሰው ነበረ። ከዚህ ከእኛ አካባቢ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ የገባ፣ በአንዲት ትንሽ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው። ዳቦ ይሸጣል፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ልጁ፣ ወንድሙ ወይም የአክስቱ ልጅ እዚያ የሌለ ማን ነው? እጃችሁን አውጡ አልልም። አውቃችኋለሁ።

ሰውየው ዘለቀ ሃንዳሞ ይባላል። አገሩን የለቀቀው ወዶ አልነበረም። ታስሮ፣ ተደብድቦ፣ ከተፈታ በኋላ ዳግመኛ ሊይዙት ሲመጡ በጓሮ አጥር ዘሎ ያመለጠ ሰው ነው። እዚያ ሲደርስ ጥገኝነት ጠየቀ። ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱ እንዲኖር ይፈቅድለታል፤ ሰው ሆ ብሎ ሲነሳበት ግን አያስጥለውም።

ሱቁ ያለው በአንዲት መበለት ግቢ ውስጥ ነው። ኖሉታንዶ ይባላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ድምፃቸው ግን የሰፈሩ ጫፍ ድረስ ይሰማል። ዘለቀ "እማማ" ይላቸዋል። ሚስቱ አማረችም "እማማ" ትላቸዋለች። አማረች በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወሬ መጣ። በሌላ ሰፈር አንድ የውጭ አገር ባለሱቅ ልጅ ገደለ ተባለ። ማን አየ? ማንም። ልጁ ማነው? ማንም አያውቅም። ነገር ግን ወሬው ከሰፈሩ አናት እስከ ታች ሲወርድ በየደጁ እየገነነ ሄደ። "ይውጡልን!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ጭስ ታየ። የመጀመሪያው ሱቅ እየነደደ ነበር።

ዘለቀ መኪና ላለው አንድ ደንበኛው ደውሎ እንዲያወጣቸው ለመነው። ሰውየው "እኔንም ያቃጥሉኛል" ብሎ ስልኩን ዘጋበት። በእግር እንዳይሮጡ አማረች በወጉ መራመድም አቅቷታል። ያም ሆኖ ልብሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሊወጡ ሲሉ፣ ኖሉታንዶን በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

"ወዴት ነው?" አሉት።

"እማማ፣ በእኛ የተነሳ እርስዎም እንዳይጎዱ እንሂድ። ቤትዎን ያቃጥሉታል።"

"ይህ ግቢ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያው ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። ይዘሃት ግባ።"

የገዛ መኝታ ክፍላቸው አስገቧቸውና በሩን ዘጉባቸው። ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ። "መኪናዎቻችን ሁሉ ወጥተዋል፤ ጠብቁ" አሏቸው። ጠብቁ! ወገኖቼ፣ እሳት ይጠብቃል?

ኖሉታንዶ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ደወሉ። እዚያም እንደ እኛ እድር ያለ ማኅበር አለ። ሰው ሲሞት ያዋጣሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቀብራሉ። ሴቶቹ ለቀብር የሚለብሱት ጥቁር ቀሚስና ነጭ ኮፍያ አላቸው። ኖሉታንዶ ለሴቶቹ በየተራ እየደወሉ "የማኅበር ልብስሽን ልበሺና አሁኑኑ ነይ" አሏቸው።

"ማን ሞተ? የማን ቀብር ነው?" አለች አንዷ።

"ቀብር እንዳይኖር ነው" አሏት።

ሁሉም መጡ? አልመጡም። አንዷ ባሏ ከለከላት። አንዷ "የእኛ ጉዳይ አይደለም" አለች። አንዷ ስልኩን ሰምታ ዝም አለች። ከግማሽ በታች የሚሆኑት ግን መጡ። ወንበር ያላት ወንበሯን ይዛ፣ የሌላት የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ፣ በግቢው በር ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ተቀመጡ።

ሰዎቹ ደረሱ። ዱላ ይዘዋል፣ ድንጋይ ይዘዋል፣ በጄሪካን ቤንዚን ይዘዋል። ከፊት የሚመራቸው ሲያቦንጋ የሚባል ወጣት ነው። ሲያቦንጋ የኖሉታንዶ የእህታቸው ልጅ ነው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

"አክስቴ፣ ተነሺ" አላቸው። "አንቺን አንነካም። የምንፈልገው እነዚያን ብቻ ነው።"

"ምን አደረጉህ?"

"ልጅ ገድለዋል!"

"ዘለቀ ነው የገደለው?"

"እሱ ባይሆንም የእሱ ሰዎች ናቸው!"

ኖሉታንዶ ዓይን ዓይኑን እያዩ እንዲህ አሉት፦ "አባትህ ሰው ወግቶ ገድሎ ታስሮ ነበር። ያን ጊዜ አንተ የምትድህ ልጅ ነበርክ። የሟቹ ወገኖች ደጄ መጥተው 'የገዳዩን ልጅ አውጪልን' ሲሉኝ፣ አውጥቼ ልሰጣቸው ይገባኝ ነበር?"

ሲያቦንጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው ያሉት ግን አልሰሙም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም። ድንጋይ ተወረወረ። ኖሉታንዶን ትከሻቸው ላይ መታቸውና ከነወንበራቸው ወደቁ።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በመጋረጃው ቀዳዳ ያይ የነበረው ዘለቀ ሊወጣ ተነሳ። አማረች ክንዱን ይዛ፣ "ብትወጣ የሳቸውን ልፋት ከንቱ ታደርገዋለህ" አለችው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሴቶቹስ? አልሸሹም። ሁለቱ ኖሉታንዶን አንስተው መልሰው አስቀመጧቸው። ከዚያ አንዷ ጣቷን ቀስራ ጀመረች። "አንተ ባለ ሰማያዊ ሹራብ! አያትህን የገነዝናት እኛ አይደለንም?" ሌላዋ ቀጠለች። "አንተስ ፊትህን የሸፈንከው! ወንድምህ በመኪና አደጋ የሞተ ቀን እናትህን ደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። በጫማህ አውቄሃለሁ።" እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ጠሯቸው። መንጋ ሆነው የመጡት የሰው ልጆች ሆኑ። የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ወንድም።

ሲያቦንጋ ፊቱን አዞረና ሄደ። ብዙዎቹ ተከተሉት።

ሁሉም ግን አልሄዱም። ታሪኩን አላሳምርላችሁም። ጥቂቶች በጎን ዞረው ሱቁ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉ። ዘለቀ ስንት ዓመት የለፋበት ሱቅ እዚያው ዓይኑ እያየ ነደደ። ቤቱ ግን አልተነካም። ሴቶቹ ውሃ በባልዲ እየተቀባበሉ እሳቱ ወደ ቤቱ እንዳይሻገር አደረጉ፤ ከዚያም ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ዘለቀና አማረች በፖሊስ ታጅበው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። አማረች በሰላም ወለደች።

የኖሉታንዶ የትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ሲድን ተጣሞ ዳነ። ጎረቤት ሰላምታ ነሳቸው። ያሳደጉት ልጅ ደጃቸውን መርገጥ ተወ። ዘለቀ አንድ ቀን ደውሎ፣ "እማማ፣ በእኛ ምክንያት ይህ ሁሉ ደረሰብዎት። አይቆጭዎትም?" አላቸው።

"ይቆጨኛል" አሉት። "የሚቆጨኝ ቤታቸው የቀሩት የማኅበር እህቶቼ ናቸው። ሁላችን ወጥተን ቢሆን ኖሮ ሱቅህም አይቃጠልም ነበር።"

ይህን የነገረኝ ራሱ ዘለቀ ነው። ከሰማሁ ጀምሮ ይህች የመጨረሻዋ ንግግራቸው እንቅልፍ ነስታኛለች።

ወገኖቼ፣ በዚያ ሰፈር ድንጋይ የወረወሩት ስንት ነበሩ? ጥቂት። መንገዱ ላይ የተቀመጡትስ? እነሱም ጥቂት። የቀረው ሰውስ የት ነበር? ቤቱ ነበር። በሩን ቆልፎ፣ "እግዚአብሔር ይሁናቸው" እያለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ምናልባትም ይጸልይ ነበር።

እናንተ ከየትኞቹ ናችሁ?

እዚያ ላሉ ልጆቻችሁ ትጸልያላችሁ። "ጌታ ሆይ፣ የሚቆምላቸው ሰው አዘጋጅ" ትላላችሁ። አሜን፣ ጸልዩ። ነገር ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ታውቋቸዋላችሁ? ከጎረቤት አገር ጦርነት ሸሽተው የመጡትን? የእነሱም እናቶች የሆነ ቦታ ተንበርክከው ያንኑ ጸሎት እየጸለዩ ነው። የሚለምኑት ማን እንዲቆምላቸው ነው? የሚቆም ሰው ስጣቸው ሲሉ፣ እዚህ ካለነው ከእኛ ሌላ ማን አለ?

እኛ ግን ምን እንላለን? ባጃጅ ውስጥ ምን እንላለን? ገበያ ላይ ምን እንላለን? "ኪራይ ያስወደዱብን እነሱ ናቸው።" "ሌባው ከእነሱ ነው።" አይታችኋል? አላያችሁም። ባለፈው ሐሙስ በጣራቸው ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። የማን ልጅ እንደወረወረ አላውቅም። የእኔም ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ግን ወሬው በእኛ አፍ አልፏል፤ ይህን አውቃለሁ።

ስለዚህ ነገ ባጃጅ ውስጥ ያ ወሬ ሲነሳ ዝም አትበሉ። "ማን አየ?" በሉ። ያፍራል የምትሉት ሰው ይፈር። ይቆጣል የምትሉት ይቆጣ። ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ አስቀምጣችሁ ስለዚያ ድንጋይ ጠይቋቸው። ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ፣ "ፖሊስ ይጠራ" ብላችሁ በር እንዳትቆልፉ። ፖሊስ ጥሩ፤ ከዚያ ውጡ። አንድ ሰው ብቻውን ቢወጣ ይሰበራል። ሁላችን ብንወጣ ማን ያልፈናል?

አንዳንዶቻችሁ "ፓስተር፣ ቋንቋቸውን አናውቅም" ትሉኛላችሁ። እኔም አላውቅም። ስማቸውንም አላውቅም፤ ሁለት ዓመት በደጃቸው ሳልፍ ጠይቄ አላውቅምና። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ። ይህ ጉባኤ እንዳበቃ ወደ ምሳዬ አልሄድም። በእግሬ ወደ መናኸሪያው ጀርባ እሄዳለሁ።

ብቻዬን ልሂድ?