ሁለት አውራ በአንድ ቀፎ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብቱ ንብ ነበር» ብዬ ጀመርኩላት።

ልቅና ግን ምሳሌ ልትሰማ አልመጣችም ነበር። ቁርጥ ያለ መልስ ነበር የፈለገችው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ፤ አሁን የከተማችን የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተገነጠሉ መጻሕፍትን በሙጫ እያጣበቅኩ አገኘችኝ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች ስለ አህጉሪቱ መጪ ዘመን ከተነጋገሩበት ትልቅ ጉባኤ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነበር።

«ጉባኤው እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ወጣት በወጣት ነበር ቲቸር። ግማሾቹ ሽበታቸውን ቀለም ተቀብተው ነው የመጡት።»

ሳቅን። የእኛን ማኅበር ወክሎ የተናገረው ሊቀ መንበሩ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁ ኮሌጅ ገብታለች። ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈችው ግን ልቅና ናት።

«እሱ ፊት ቆሞ ሲያነብ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል» አለችኝ። «ዞር ስል ከሉሳካ የመጣች ልጅ አጠገቤ አለች። የእነሱ ሰውዬ ተራው ደርሶ ማንበብ ሲጀምር የእሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል! ከእሷ ወዲያ አንድ የዳካር ልጅ፣ እሱም እንደዚያው። ቲቸር ይሙቱ፣ የኋላው ረድፍ በሙሉ ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው።»

ከዚያ ሳቋ ቆመ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነስቶ ስለ እቅዱ ጠየቀ፤ ሊቀ መንበሩ የማያውቀውን ጉዳይ እንደሚያውቅ ሆኖ የተሳሳተ መልስ ሰጠ፤ እሷም ሰምታ ዝም አለች። ነገ ደግሞ ያው እቅድ እዚሁ በከተማችን አዳራሽ ይቀርባል። ጦሙን የሚያድረው የወንዙ ዳር መሬት ሥራ ላጡ ወጣቶች እንዲሰጥ የሚጠይቅ እቅድ ነው። የጻፈችው እሷ ናት፤ የሚያቀርበው እሱ ነው። የሚወስኑት ሰዎች እቅዱ ካልገባቸው መሬቱን የሚፈልጉ ሌሎች ሞልተዋል።

«‘የነገ አገር ተረካቢዎች’ ይሉናል» አለች። «ርክክቡ መቼ ነው? ደግሞስ እስከዚያ ከኋላ ሆኜ ብሠራ ምን አለበት? ሥራው እስከተሠራ ድረስ የማን ስም ቢጠራ ምን ቸገረኝ? ሰው ፊት መናገር እንደሆነ አፍራለሁ። ያውቁኛል።»

አውቃታለሁ። ጥያቄዋንም አውቀዋለሁ፤ ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ሲናገረው ሰምቻለሁ። አቀርቅሬ ሙጫዬን እየቀባሁ የባለ ንቡን ሰውዬ ታሪክ የጀመርኩላት ለዚህ ነው።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ማሩ ነጭ ነበር፤ ሰርግ ያለበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ቢጫ ሲለብስ ንቦቹ ይበዛሉ። ሲበዙ ቀፎው ይጠባቸዋል፤ ያን ጊዜ አዲስ አውራ ለማሳደግ ይነሳሉ። አውራ ማለት መንጋውን ሁሉ የምትወልደው እናት ንብ ናት፤ አውራ የሌለው ቀፎ አይከርምም። አዲስ አውራ የሚያድግበት ቤትም ከሌላው ይለያል፤ ከሰሙ እንጀራ ጫፍ ላይ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ታች ይንጠለጠላል። አዲሱ አውራ ሊወጣ ሲቃረብ መንጋው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ቤቱን ለቆ ይሄዳል።

ሰውየው የሚፈራው ይህንን ነበር። ልጅ ሳለ የአባቱ ንቦች ወጥተው ወንዝ ተሻግረው የሰው ቀፎ ሲገቡ አይቷል። አባቱ ባዶ እጁን እያለቀሰ ሲመለስም አይቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ቀፎዎቹን ይከፍትና የተንጠለጠሉትን የአውራ ቤቶች አንድ ሳያስቀር ይቆርጣቸዋል። መንጋው አይከፈልም፤ ማሩም አይጎድልም።

የመንደሩ ጎረምሶች ይመጡና «አንድ መንጋ ይስጡንና እኛም እናርባ» ይሉታል።

«ለከርሞ» ይላቸዋል።

ከርሞም ሲደርስ መልሱ «ለከርሞ» ነው። በመጨረሻ «አባ ለከርሞ» ብለው ስም አወጡለት። ሲሰማ ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ነበረችው። ቀፎ ሲከፈት ጭሱን የምትይዝለት እሷ ናት። ትምህርት ቤት ገብታ ስለ ንብ በተማረች ሰሞን አንድ ቀን ቢላዋውን ሲያወጣ ጠየቀችው።

«አባባ፣ ሁሉንም ከምትቆርጣቸው አንድ ብትተውስ?»

«ሁለት አውራ በአንድ ቀፎ? ሲፋጁ ልታዪ ነው?»

«ይሄኛው ሲያረጅስ?»

«ሲያረጅ ይተካላ።»

«በምን? የሚተካውን በየዓመቱ እየቆረጥነው?»

«አስተማሪሽ ስንት ቀፎ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ጭሱን ያዢ።»

ጭሱን ያዘች።

ዓመታት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን በአንዱ ቀፎ ደጃፍ የሚገባው የሚወጣው ንብ ሳሳ። ሥራ የማይሠራው ድንጉላ ብቻ ይርመሰመሳል። ቀፎው ሲከፈት ሰሙን ብል በልቶታል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሌላው። ሰውየው ቡዳ በላብኝ አለ፤ አጥሩን በእሾህ አጠረ፤ ጸበል አስረጨ። ቀፎዎቹን የጨረሰው የአውራዎቹ እርጅና እንደሆነ አልመጣለትም። በእሱ ቤት አውራ አርጅቶ አያውቅማ፤ ማን ቆጥሮት?

በመጨረሻ ከጓሮ ያለው አንድ ቀፎ ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀፎ ሌላ ቤቱ የሚተዳደርበት አልነበረም፤ የልጅቱም ትምህርት የሚቆመው የሚቀጥለው በእሱ ነው። በዚያን ጊዜ የሰውየው ዓይን በሞራ ተጋርዶ ነበርና ቢላዋውን ለልጁ ሰጣት። «ግቢና እዪልኝ። የአውራ ቤት ካለ ቁረጪ። የቀረን ይሄው ነው፤ ይሄ ተከፍሎ ከሄደ አለቅን» አላት።

ልጅቱ ጭሱን አድርጋ ውስጡን አየች። ንቦቹ ጥቂት ናቸው። አውራዋ ክንፏ ተበልቶ እየጎተተች ትሄዳለች። ከእንጀራው ጫፍ ላይ አንድ ቤት ተንጠልጥሏል። አንድ ብቻ።

«አለ?» አላት አባቷ ከኋላዋ።

«አለ።»

«ቁረጪው።»

ልጅቱ ቢላዋውን ሰሙ ላይ ጠረግ አድርጋ አወጣችውና ቀፎውን ዘጋች። አባቷ ቢላዋውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ሰም ይዟል።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

«ዋሸችው?» አለች ልቅና።

«ዋሸችው» አልኳት።

ልቅና እጄን ስታይ ቆየች። ከዚያም «ቲቸር፣ ልጅቷ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለች።

«ከምን አወቅሽ?»

«ሽፋኑን ገልብጠው አጣብቀውታል።»

አየሁት። እውነቷን ነው፤ የመጽሐፉ ርዕስ በስተግርጌ ተዘቅዝቋል። ላላቅቀው ብል ሙጫው ይዟል። እንደ ልጅ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባለቤቴም አልነገርኩም፤ ለአባቴም ሳልነግረው ነው የቀበርኩት።

«ከዚያስ?» አለች ቀስ ብላ።

ፊቴን እንደሸፈንኩ ቀጠልኩላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቴ ቤት በሌለበት ቀፎውን ከፈትኩ። ሲፋጁ አገኛለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው። በአንድ እንጀራ ላይ ሁለት አውራ ነበሩ። አሮጊቷ ያችን የተበላች ክንፏን እየጎተተች በዚህ በኩል፣ አዲሷ ረዥም፣ ወዟ የሚያበራ፣ ከእሷ አንድ ጣት ርቃ። አንዷ ሌላዋን አልነካቻትም። ንቦቹ ሁለቱንም ከበው ይመግቧቸዋል። ቆሜ ሳይ ጭሱ ጠፍቶብኝ ሁለት ቦታ ተነደፍኩ።

ቀፎው ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት ሞልቶ ተከፈለ፤ የወጣውን መንጋ ከግራሩ ላይ አወረድኩና በባዶው ቀፎ አስገባሁት። አባቴ እየዳሰሰ ሁለቱንም ቀፎ አዳመጠ፤ ሁለቱም ይጮኻሉ። «የእኔ አውራ አያረጅም!» አለ። ያለቀሰውን ለቅሶ፣ የሳቀውን ሳቅ ብታዪው አንቺም አትነግሪውም ነበር። «አባባ፣ ዕድሜ ልክህን የሠራኸው ስህተት ነበር» ብዬ ከየት አምጥቼ ልበል? ደግሞ አፈርኩ። ሥራው ከተሠራ የማን ስም ቢጠራ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ልቅና ቀና አለች። የራሷን ቃል ሰማችው።

ቀፎዎቹ እንደገና ሲሞሉ የአባቴ ስም ከበፊቱ የበለጠ ገነነ። ሞቶ የነበረ ንብ ያስነሳ ሰው ተባለ። ሩቅ ካለ መንደር ሳይቀር ሊማሩ ይመጡ ነበር። እሱም በደስታ ያስተምራል፤ «አንድ ሳታስቀሩ ቁረጡ» ይላል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ።

ከመጡት መካከል አዲስ ያገባ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። አባ ለከርሞ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው ይባል ነበር። አባቴ ልቡ ለስልሶ ስለነበር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንካ» አለና አንድ መንጋ ሰጠው። ይርዳው ከደስታው ብዛት ቀፎውን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የወሰደው። የተነገረውንም ሳያጎድል ፈጸመ። በየዓመቱ ቆረጠ። አውራው አረጀ፤ ቀፎው ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ ሚስቱን ለእናቷ ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ። ሊሄድ ሲል አውቶቡስ ተራ አገኘሁትና ሰላም አልኩት።

«ምን አጠፋሁ ግን እቴ?» አለኝ። «አባትሽ እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት። እኔ ዕድል የለኝም መሰለኝ።»

አውቶቡሱ እስኪሄድ አብሬው ቆሜያለሁ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። «ደህና ግባ» ብቻ አልኩት።

እጄን ከፊቴ አነሳሁ። ሙጫው ጉንጬ ላይ ሳይነካኝ አልቀረም።

«እንግዲህ ልጄ፣ ርክክቡ መቼ ነው አልሽኝ» አልኳት። «እኔ ርክክብ በዓይኔ ያየሁት በዚያች እንጀራ ላይ ነው። አሮጊቷ ገና አልሞተችም። ወጣቷም እስክትሞትላት ተደብቃ አልጠበቀችም። ንብ ሁሉ እያያቸው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። አባቴ ‘ለከርሞ’ የሚለው ቀን እዚያ ውስጥ አልነበረም። አንቺና ሊቀ መንበርሽም እንደዚያ ናችሁ፤ አሁን፣ እሱ እያለ፣ አንቺም እያለሽ። ‘የነገ ተረካቢ’ ሲሉሽ ከርሞ ማለታቸው ነው፤ አትቀበያቸው።

«ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን የእኔ ነው። ከኋላ ሆኜ ብሠራ ምን አለበት አልሽ። ይኸው ነው ያለበት። እኔ ተደብቄ አንድ ቀፎ አዳንኩ። ስለተደበቅኩ ግን ቀፎው የዳነበትን መንገድ ማንም አላወቀም፤ የሚገድለው መንገድ ደግሞ በአባቴ ስም፣ በእኔ ሥራ ምስክርነት፣ መንደር ለመንደር ዞረ። ይርዳውን ያስራበው ዝምታዬ ነው። የኋላው ረድፍ ላይ ያየሻቸው ልጆች ሁሉ፣ የሉሳካዋም የዳካሩም፣ ቢላዋውን ጠርገው የሚያወጡ ናቸው። ሥራቸው ጥሩ ነው። ግን አገሮቻቸው የሚማሩት ከሚያነበው ሰውዬ ነው፤ ሲጠየቅ ከሚሳሳተው።»

«እና ነገ ምን ላድርግ?»

«አታዋርጂው። አባት የሆነ ሰው ነው። ያንብብ፤ አንቺ ግን ከኋላ አትቀመጪ፤ ከጎኑ ቁሚ። ጥያቄ ሲመጣ ‘ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልመልስ’ በይ።»

መጽሐፉን አንስታ የተዘቀዘቀውን ሽፋን አየችው። ፈገግ ልትል ከጀለችና ተወችው።

«ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ ቲቸር?»

«ይንቀጥቀጥ» አልኳት። «ከንፈርሽ እንደሆነ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ድምፅ ብቻ ጨምሪበት።»