የትንፋሽ ደቦ

ተረት ደጅ ቆማለች፣ በር ክፈቱላት! ጆሮ ያላችሁ አቅርቡ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

በድሮ ጊዜ፣ ተራሮች ገና ቁመታቸውን ሳይጨርሱ፣ ውርጭ አምባ የሚባል አገር ነበረ። ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ! ጅብ ጠዋት አንዴ ከሳቀ ከንፈሩ ከጥርሱ በላይ ደርቆ ይቀርና፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር እየሳቀ ይቀመጥ ነበር። ላም ስትታለብ ወተቱ እንደ ጠጠር ኳ! ኳ! እያለ ነበር ባልዲው ውስጥ የሚወድቀው። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ ላሟን ይጠይቅ።

ታዲያ አራዊቱ ብርዱን የሚያሳልፉበት አንድ ትልቅ የጋራ ቤት ነበራቸው። ገበያው እዚያ፣ የእንግዳ ማረፊያው እዚያ፣ የአራሶች ክፍል እዚያ። ከቤቱ መሃል ጎተራ የሚያህል ምድጃ ነበረ፤ የምድጃው ሹም ደግሞ አያ ጅቦ። እሳቱ የሚበላውን እንጨት አትጠይቁኝ! ጠዋት አንድ ዛፍ፣ ቀትር አንድ ዛፍ፣ ማታ አንድ ዛፍ።

«እንጨት ያላመጣ አይሞቅም!» ይላል አያ ጅቦ።

ላመጣውስ ምን ደረሰው? ጢሱ! ሙቀቱን አያ ጅቦ ጀርባውን ሰጥቶ ለብቻው ይሞቀዋል።

በዚያ ዓመት እመት ሽኮኮ ሦስት ልጆች ወለደች። ሦስቱም ከመክሳታቸው የተነሳ በእናታቸው አንድ ጆሮ ላይ ተደራርበው የሚተኙ፣ ብርድ ከነካቸው የማይተርፉ ነበሩ። ጫካው እያለቀ ሄደ፤ እሳቱ እያነሰ ሄደ፤ ልጆቿም ይንቀጠቀጡ ጀመር። እመት ሽኮኮ ሦስቱንም ሆዷ ሥር ሸሽጋ አያ ጅቦን ስታየው ደሟ ይፈላል። ግን ምን ታድርግ? እሳቱ የእሱ ነው።

አንድ ቀን ኤሊ ከባሕር ማዶ አንድ እቃ በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። መንገዱን ስትጀምር ኮረዳ ነበረች፤ ስትደርስ ቅድመ አያት ሆናለች። የተሸከመችው ፓምፕ ነበር፤ ወፍራም ሆድ፣ ረጅም የመዳብ አንጀት፣ ከጎኑም አንድ መዘውር ያለው።

«ምን ትሠራለህ?» አሉት አራዊቱ ከበውት።

«ሙቀት እስባለሁ» አለ ፓምፑ።

«ከየት?»

«ከወንዙ።»

አራዊቱ በሳቅ ወደቁ። «ከዚያ በረዶ ውሃ?»

«በረዶ የሆነው ለእናንተ ነው። ከእሱ ለባሰ ብርድማ ወንዙ ሞቃት ነው። ሆዴ ውስጥ ነፋስ ጨምሩልኝ። ስለቀው ይበርዳል፤ ሲበርድ ከወንዙ ሙቀት ይለቅማል። ስጨምቀው ይቆጣል፤ ሲቆጣ ይግላል፤ ግለቱን ለቤታችሁ እሰጣለሁ። መዘውሬን ራሱ ወንዙ ያዞርልኛል።»

ይህን ጊዜ እመት ጦጢት ጠርሙስ ታቅፋ ከች አለች።

«ነፋስ ከእኔ ዘንድ! እሳት የማይነካው፣ ሽታ የሌለው፣ እኔ ብቻ የማውቀው የጠርሙስ ነፋስ!»

ጨመሩት። ቤቱ ሞቀ። ግን ነፋሱ በመዳቡ ስፌት ሾልኮ ወጣ፤ ቤቱ መልሶ በረደ። «ማር አምጡና ሌላ ጠርሙስ ውሰዱ» አለች ጦጢት። ጨመሩ፤ ሞቀ፤ ሾለከ፤ በረደ። አሁንም ማር፣ አሁንም ጠርሙስ። በሦስተኛው ጠርሙስ ሰማይ ከላይ ጮኸች።

«ኧረ እናንተ! ምን እየላካችሁብኝ ነው? አንዷ ጠርሙስ ሺህ ጋቢ ሆና ተደረበችብኝ! በላብ ታጠብኩ! ዝናቤን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ጠፋኝ!»

«ሰማይ ድሮም ነጭናጫ ናት» አለች ጦጢት ማሩን እየላሰች።

እመት ሽኮኮ ግን አልቻለችም። ወደ ፓምፑ ሄደች። «ወንድሜ፣ ከዚህች ቀጣፊ ጠርሙስ በቀር የሚሆንህ ነገር የለም?»

«አለ እንጂ። እናንተ ሁልጊዜ በአፍንጫችሁ የምትጥሉት።»

«ትንፋሻችን?»

«ትንፋሻችሁ። ቢያመልጠኝ እንኳ ከአየር የመጣ ነው፣ ወደ አየር ይመለሳል፤ ሰማይን አዲስ ጋቢ አያለብሳትም። ግን ኃይለኛ ነው። ሆዴ ካልጠነከረ ይተረትረኛል።»

ብረት ቀጥቃጩ ጃርት መጣና የፓምፑን ሆድ በድርብ ብረት አጠነከረው። እመት ሽኮኮም አገሩን ሁሉ ደቦ ጠራች። ለአጨዳ ደቦ ይጠራል፣ ለጉልጓሎ ደቦ ይጠራል፤ ለትንፋሽ ደቦ ሲጠራ ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ፣ ሁሉም ተሰልፎ በፓምፑ አፍ እፍ! አለ። አይጥ ማንኪያ ሙሉ፣ ፍየል እንስራ ሙሉ፣ ጎሽ ጎተራ ሙሉ። አያ ጅቦም መጥቶ ነበር። የሦስት ሰው ዳቦ በላ፤ አንድ ጊዜ እፍ አለ፤ ከዚያውም ግማሹ ግሳት ነበር።

ወንዙ መዘውሩን አዞረው። ሆዱ ውስጥ ያለው ትንፋሽ «ኧረ አትጫኑኝ! ኧረ አትጭመቁኝ!» እያለ ተቆጣ፤ ተቆጥቶም ጋለ። የሞቀው ውሃ በቀርከሃ ቧንቧ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከቤት ወደ ጉድጓድ ይሄድ ጀመር። የእመት ሽኮኮ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ተለያይተው ተኙ። አንዱማ ሞቀኝ ብሎ አለቀሰ!

አሁን ጉዱን ስሙ። በዚያ አገር፣ ቤት ውስጥ ነዋሪ መኖሩ የሚታወቀው በጢሱ ነው። የቆላ አራዊት ቀና ብለው ቢያዩ፣ ከጋራ ቤቱ ጢስ የሚባል ነገር የለም። «ውርጭ አምባዎች አለቁ!» ብለው ንፍሮ ተሸክመው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ወየው! ወየው!» እያሉ ዳገቱን ወጡ። በሩን ቢከፍቱ ሟቾቹ ላባቸውን እየጠረጉ ገበጣ ይጫወታሉ። አልቃሾቹ አፈሩ። ንፍሮውን ግን በሉት።

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ አንጀቱ አረረ። እንጨት የሚያመጣለት የለም፤ «አያ ጅቦ፣ እባክህ ጠጋ በልልኝ» የሚለው የለም። የጦጢትም ጠርሙስ አቧራ ለበሰ። ሁለቱ ተመካከሩና ፓምፑን ከዳኛው ከአባ ዋልያ ዘንድ ከሰሱት። ለፓምፑ ጠበቃ ሆና የቆመችው እመት ሽኮኮ ናት።

«በላ ልበልሽ!» አለ አያ ጅቦ በትሩን እየወዘወዘ። «አንደኛ፣ ይህ ብረት ሌባ ነው። የወንዛችንን ሙቀት ይሰርቃል!»

«ወንዝ ይጠየቅ!» አለች ሽኮኮ።

ወንዝ እያጉረመረመ መጣ። «ማነው ተሰረቀ ያለው? ፓምፑ የወሰደውን ፀሐይ እስከ ማታ ትመልስልኛለች። አንተ ጅብ፣ የበሰበሰ አጥንትህን ስትጥልብኝ የት ነበር ይሄ ክስ? ደኑን ስትጨርስ፣ አፈሩ በእኔ ላይ ሲናድ የት ነበር?» አለና የአያ ጅቦን እግር ረጭቶት ሄደ።

«ሁለተኛ!» አለች እመት ጦጢት ቶሎ ብላ። «ጢስ የሌለው ሙቀት ሙቀት አይደለም። ጥንቆላ ነው! አልቃሽ እስኪመጣብን ድረስ አገር አዋርዷል!»

«አልቃሾቹ ወፍረው ነው የተመለሱት» አለች ሽኮኮ። «ጢስ ከናፈቀሽ፣ እመት ጦጢት፣ ጎጆሽ ድረስ መጥቼ ቅጠል አጭስልሻለሁ።»

ሸንጎው ሳቀ። ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ድምፁን ለስለስ አደረገ። ጅብ ድምፁ ሲለሰልስ ፍሩት!

«ሦስተኛ፣ ዳኛችን» አለ። «በዚያ ሆድ ውስጥ የእኔ ትንፋሽ አለ። ከደረቴ ያወጣሁት፣ የገዛ ትንፋሼ። ደቦው አልቋል። ትንፋሼ ይመለስልኝ።»

አባ ዋልያ ቀንዱ የከበደው፣ ሕግ የሚወድ ዳኛ ነበር። ጢሙን አሸት አሸት አደረገና፣ «ሕግ ሕግ ነው። ትንፋሽ የሰጠ ትንፋሹን ይወስዳል። ሆዱ ይከፈት» አለ።

እመት ሽኮኮ ዘላ ተነሳች። ጸጉሯ ቆመ፤ ድመት የምታህለው ሴትዮ ጎሽ አከለች!

«ምን? ያ ሁሉ ዛፍ ሲነድ ሕግ የት ነበር? ልጆቼ በጢስ ሲያስሉ ሕግ ተኝቶ ነበር? ዛሬ ለአንድ ግሳት ነቃ? ሆዱ ከተከፈተ ልጆቼ አያድሩም! ስሙኝ፣ አያድሩም!»

«ፍርድ ተሰጥቷል» አለ አባ ዋልያ።

«እንግዲያስ የራሱን ብቻ ይውሰድ! የአይጥን ቢነካ፣ የፍየልን ቢነካ፣ የእኔን አንዲት እፍታ ቢነካ ሌባው እሱ ነው!»

«የራሴንማ አውቀዋለሁ» አለ ጅቦ። «ዳቦ ዳቦ ይሸታል።»

«አያ ጅቦ» አለ ፓምፑ፣ «ጨምቄ ነው የያዝኩት። በድንገት የተለቀቀ ትንፋሽ ይበርዳል፤ ብርዱም ይናከሳል።»

«ዝም በል፣ አንተ ብረት! እኔን ነው የሚናከሰኝ?»

አፉን ከፓምፑ አፍ ገጠመና መክፈቻውን አዞረው።

ፍስስስስስ! የአያ ጅቦ ጉንጭ ተነፍቶ ጆሮዎቹን ዋጣቸው። ሆዱ ተነፍቶ አራቱም እግሮቹ መሬት ለቀቁ። ከአፍንጫው አመዳይ፣ ከዓይኑ በረዶ ተበተነ። ምላሱ ብረቱ ላይ ደርቆ ተጣበቀ! እመት ሽኮኮ ዘላ መክፈቻውን ባትዘጋው ኖሮ ጅብ ዛሬም ከደመና ላይ ነበር። የትንፋሹ እኩሌታ ግን ወጥቷል። መዘውሩ ይዞራል፤ ሙቀት የለም። ቧንቧዎቹ መቀዝቀዝ ጀመሩ። ከአራሶች ክፍል የሦስቱ ልጆች ለቅሶ ተሰማ።

«እፍ እንበልበት! ቶሎ!» ተባለ። በየት በኩል? የፓምፑ አፍ አንድ ነው፤ እሱም ላይ የአያ ጅቦ ምላስ ተለጥፏል!

«እኽ... እኽ...» ይላል ጅቦ።

ምላሱን የሚያላቅቀው ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ የቀረው ደግሞ በአንድ ቧንቧ ብቻ ነው፤ በእመት ሽኮኮ ልጆች ሥር ባለችው። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ የንዴት ነው! ያንን ውሃ ከልጆቿ ሥር ቀዳች፤ አምጥታም የአያ ጅቦ አፍ ላይ አፈሰሰችው።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አለችው። «መንገድ ዘግተህ ነው!»

ምላሱ ተላቀቀ። አራዊቱ ተንጋግተው እፍ! እፍ! እፍ! አሉ። አባ ዋልያ ሳይቀር ቀንዱን አዘንብሎ፣ ተንበርክኮ እፍ አለ፤ ስለ ፍርዱ ግን ትንፍሽ አላለም። ትንፋሹ ተጨመቀ፣ ተቆጣ፣ ጋለ። ውሃው ሞቀ። ሦስቱ ልጆች ለቅሷቸውን አቁመው አንቀላፉ።

አያ ጅቦስ? ምላሱን ሊያሞቅ የሞቀውን ቧንቧ ሲልስ ዋለ። እዚያው እየላሰ፣ «ይኼ እኮ የወግ እሳት አይደለም፤ ጢስ የለውም» ይላል። እመት ሽኮኮ ሰማችው፤ እሷም እስከ ዛሬ ጥርሷን ታፋጫለች። ታፋጭ! እውነቷን ነው!

ተረቴ መጥታለች፣ ተሰምታለች፣ ሄዳለች፤ ይህን ቃል ግን ትታላችኋለች፦ አብረው የሞሉትን ለብቻው የከፈተ፣ የሚደርሰው ብርዱ ነው።