ድምፅ የሌለው ሞተር

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ትርንጎ ይህን ጥያቄ ይዛ ዓመታት ቆይታለች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው ውጭ ነው፤ በእግሯ መመላለሱ ጉልበቷን ጨርሶታል። ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ያላነበበችው የለም፤ ቁርጡን ግን አላገኘችም። በመጨረሻ የቀድሞ የፊዚክስ መምህሯን ጋሽ ልሳነወርቅን ጠየቀች። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

«አንድ እህል ነጋዴ ነበረ። የቤንዚን ሞተሩ ሲያጓራ ሰፈሩ ሁሉ መምጣቱን ያውቅ ነበር። የቤንዚን ወረፋ ሲያስመርረው የኤሌክትሪኩን ሊገዛ አሰበ። ሻጩን ጠየቀ፤ የገዙትን ጠየቀ። ‹ጭስ የለው፣ ወረፋ የለው፣ ድምፅ የለው› አሉት። ‹መብራት የጠፋ ቀን ግን እንደ እምቢተኛ በቅሎ እየጎተትክ ትገባለህ።› ይህንንም እችለዋለሁ ብሎ ገዛ።

«በነጋዴው ሰፈር መታጠፊያ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ነጋዴው በሳምንቱ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ እኚህ ሰው ከደጃቸው ወጥተው መንገዱን ሊሻገሩ ጀመሩ። አልሰሙትም። ፍሬን ቢይዝም ገጫቸው።

«ሮጦ ሊያነሣቸው ሲል እግራቸው ተሰብሮ አገኘው። ‹አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ› አለ። ሽማግሌው ድምፁን ሲሰሙ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«‹አለህ እንዴ? ተመስገን› አሉ። ‹የሞተርህ ድምፅ ሰሞኑን ቢጠፋብኝ፣ ታመህ ነው ብዬ ልጠይቅህ እየመጣሁ ነበር።›

«ነጋዴው ክው ብሎ ቀረ።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ታሪኩን ጨረሱ። የትርንጎ እጅ አፏ ላይ እንዳለ ነው።

«እኔ እኮ፣ ጋሼ» አለች፣ «ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ነው የጠየቅኩዎት።»

«እሱን ሻጩ ይነግርሻል» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ነጋዴው የሚሸጡትንና የሚነዱትን ጠየቀ። አንዳቸውም አልዋሹትም። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በእግሩ በሚሄደው ላይ ነው፤ እሱን የጠየቀው የለም። አንቺም እንደዚያ ነጋዴ ነሽ፣ ልጄ። ያነበብሽው ሁሉ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የጻፈው ነው።»

ትርንጎ ልትገዛ ወሰነች። ከዚያ በፊት ግን፣ ሰላም ለማለት እንኳ የምታፍረው ልጅ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ በመንገዱ ዳር ያለውን በር ሁሉ አንኳኩታ ሰዎቹን ልትጠይቅና ድምፅዋን ልታስለምዳቸው ቆረጠች። በማግስቱ የመጀመሪያውን በር መታች።

«ማነው?» አሉ አንዲት አሮጊት ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ» አለች፣ ከለመደችው ከፍ ባለ ድምፅ።