አንድ ደንበኛ እንዳይመለስ

አንድ ቀን፣ ያውም በሰኞ ምድር፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ይርዳው አለቃው ቢሮ ገባ። መሥሪያ ቤቱ የንግድ ፈቃድ የሚያድስ ነው፤ የየት ከተማ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጣጣ አልፈልግም። አለቃው አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ንግግር ከጀመሩ እንኳን ሰው ወንበሩም ይደክመዋል።

«ጋሼ» አለ ይርዳው፣ «ትልልቆቹ ሰርቨሮች መታደስ አለባቸው። ካልታደሱ ሌባ ይገባባቸዋል።»

«አድሳቸዋ! ማን ያዘህ?»

«ለማደስ ማጥፋት ግድ ነው። እያንዳንዷ ማሽን ሆዷ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሰርቨሮች አሉ፤ ተከራይ በሏቸው። ቤት ሲታደስ ተከራይ ይወጣል። እነሱን ማሸጋገሪያ የሚሆን አንድ ባዶ ማሽን ይገዛልን ብዬ ነበር...»

«ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ማሽን? እኔ እያለሁ አይታሰብም!»

«እንግዲያው አገልግሎቱ ለትንሽ ሰዓት ይቁም።»

አቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«ይቁም? ሕዝብ እያገለገልን? ስማ ይርዳው! በአንተ እድሳት የተነሳ አንድ ደንበኛ፣ አንድ! ‹ሲስተም የለም› ተብሎ ቢመለስ፣ አንተም ወደዚህ ቢሮ አትመለስም። ጨርሻለሁ።»

የይርዳው ሚስት አራስ ናት፤ ሥራውን ቢያጣ ምን እንደሚውጠው እንጃ። ሳያድሳቸው ቀርቶ ሌባ ቢገባም ተጠያቂው እሱው ነው። ወይ ጉድ! ቢያድስ ፍዳ፣ ባያድስ ፍዳ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወሬ አቀባይ አቶ ልሳነወርቅን ጆሯቸው ሥር ሹክ አላቸው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ይርዳው! ዛሬ ጠዋት በጠራራ ፀሐይ ሲስተሙን ዘግተኸዋል?»

«ዘግቻለሁ ጋሼ።»

«አንድ ደንበኛ እንዳይመለስ አላልኩህም?»

«ብለውኛል። በእኔ የተነሳ አንድም አልተመለሰም።»

«ውሸታም! ሰልፉ አስፋልት ድረስ ነበር እኮ!»

«እሱማ ነበር። ግን እርስዎ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ለመወያየት የመስኮት ሠራተኞቹን በሙሉ አዳራሽ አስገብተዋቸው፣ በየመስኮቱ ‹ስብሰባ ላይ ነን› የሚል ተለጥፎ ነበር። ሕዝቡን ያቆሙት እርስዎ ነዎት፤ እኔ በቆመበት ነው ያደስኩት።»

አቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛውን እንደገና ደበደቡት።

«ይሄ በዝምታ አይታለፍም! ነገ ጠዋት በአንተ ጉዳይ አስቸኳይ ስብሰባ እጠራለሁ። አንተ ውጭ ትጠብቃለህ፤ ሌላው ግን ከጥበቃ እስከ ጽዳት አንድ ሰው እንዳይቀር!»

ይርዳው እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ግማሾቹ ማሽኖች ቀርተውኝ ጨንቆኝ ነበር።»