የወይራው መሮ

ትርሲት የሕንፃ ንድፍ አውጪ ናት። ደረጃ በሳለች ቁጥር ያንኑ ሥራ ከሥር ጀምራ ትደግመዋለች። ይህን የሚያቀልላት ፕለጊን፣ በንድፍ ሶፍትዌሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ መሣሪያ፣ አማራት።

«እትዬ በላይነሽ፣ ኮድ የማያውቅ ሰው እንዴት መሣሪያ ይሠራል? ወይስ ልተወው?» አለቻቸው አለቃዋን።

«አንድ አናጢ ነበረ» አሉ እትዬ። «ለአንዲት መበለት ክረምት ሳይገባ መስኮት ሊገጥምላት ቃል ገባ። የመስኮቱ ጠርዝ ክብ ቦይ ይፈልጋል፤ ቀጥ ያለው መሮው ግን እንጨቱን ይሰነጥቀው ጀመር። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ‹ጎንበስ ያለ መሮ ሥራልኝ› አለው። የተሠራለት መሮ ጎንበስ ከማለት አልፎ የሰገደ ሆነ።

‹ይሄ መሮ ነው ማጭድ?›

‹ጎንበስ አልክ፣ ጎነበሰ! ካላማረህ ወናፉ ይኸውልህ፣ ራስህ ቀጥቅጥ!›

አናጢው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሳትና ብረት አያውቅ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የመበለቲቱ መስኮት በጆንያ እንደተጋረደ ነው። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ እጁ ቁራጭ ወይራ አነሳ። ጠረበው፤ ቦዩ ውስጥ አስገብቶ አየው፤ ደግሞ ጠረበው። የሚፈልገውን መሮ በሚያውቀው በእንጨት ሠርቶ ለቀጥቃጩ ወሰደለት።

ቀጥቃጩ በብረት ቁርጥ የወይራውን መሮ አወጣ። አናጢው በትርፍ እንጨት ቢሞክረው ጫረበት። ቢያገላብጠው፣ የወይራው ጉጥ ሳይቀር በብረቱ ላይ ጉብ ብሏል።

‹ይሄ እብጠት ምንድን ነው?›

‹የሰጠኸኝ ነዋ!›

አናጢው ሳቀ። ጉጡን ከወይራው ላይ ላጠው፤ መሮው እንደገና ተቀጠቀጠ። ዝናቡ ሲመጣ መበለቲቱ መስኮቷን ከውስጥ ዘጋች።»

እትዬ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ያንቺ ቀጥቃጭ ኮምፒውተሩ ነው፤ ኮዱም የእሱ እሳት ነው፣ ተይለት። ኮድ ሳትጽፊ፣ ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የያዙ ሣጥኖችን በመስመር እያያያዝሽ መሣሪያሽን የምትሠሪበት መንገድ አለ። ካልሆነም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራው ማሽን እንደ ሰው ንገሪው፤ ኮዱን እሱ ይጽፈዋል። ‹ጥሩ ደረጃ ሥራልኝ› ካልሽው ግን ማጭድ ይሰጥሻል። የእርከኑን ቁመት፣ የመርገጫውን ስፋት፣ ጣሪያው ራስ የሚመታበትን ቦታ ቁርጥ አድርገሽ ስጪው። ያወጣልሽንም ቢበላሽ በማይጎዳ ንድፍ ላይ ሞክሪው። እሱ እንደሆነ ጉጥና እንጨት አይለይልሽም። አንቺ ያላየሽውን ጉጥ፣ ልጄ፣ ደረጃውን የምትወጣ አሮጊት በእግሯ ታገኘዋለች።»