የገደሏ አበባና የሦስት ቀን ቀጠሮ

አንድ ጊዜ በሰሜን ተራሮች፣ ዓመት ሙሉ ውሃ በሚያንጠባጥብ ገደል ላይ፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ፕሪሙላ የሚሏት ቢጫ አበባ በቅላ ነበር። ሥሯ ጭቃውን ይዞ ጠብታውን ስለሚያቁር ወይዘሮ ሽኮኮ ልጆቿን የምታጠጣው ከእሷ ሥር ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ቀበሮና ጅብ ከቆላ ወጡ። ቀበሮ አበባዋን አንበሳ ደጅ ተክሎ ሊሾምባት አስቧል። ጅብ ደግሞ የበሬ ቅልጥም ቃል ስለተገባለት ምንም ሳይጠይቅ መቆፈር ጀመረ።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች ሽኮኮ። «ይቺ አበባ ከእርጥብ ዓለት ሌላ አገር የላትም!»

ጅብ ደንግጦ መዳፉን አነሳ። ቀበሮ ግን ፈገግ አለ።

«እሜቴ፣ በሕግ ካሉማ ዳኛ ዘንድ እንሂዳ! እኔ የአበባዋ ዘር ከቆላ ነው፣ ሰርቀው ያወጧት ሽኮኮዎች ናቸው እላለሁ። ክርክር የተነሳበት ንብረት ደግሞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። አያ ጅቦ፣ ንቀላት!»

ጅብም ከነሥሯ መነገላት። ሌባ ከሳሽ ሆኖ ሲቆም ከማየት በላይ ምን ያንገበግባል?

አንበሳ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጦ ግራ ቀኙን ሰማና አዛጋ። «ይጣራ፤ ለነገ ተቀጥሯል» አለ። በማግስቱም «ምስክር ይሰማ፤ ለነገ» አለ። አበባዋ ቆላ ፀሐይ ላይ ተጥላለች። ሽኮኮ «ጌታዬ፣ ክርክሩ ይቆይና እሷ ወደ ጠብታዋ ትመለስ!» ብትል «ፍርድ ሳይሰጥ ንብረት አይንቀሳቀስም» ተባለች። ንብረት አሏት እንግዲህ፣ ዓይናቸው እያየ ስትጠወልግ!

በሦስተኛው ቀን ጅብ ለምስክርነት ቆመ።

«አገሯን እኔ ምን አውቄ? ቀበሮ ‹ቆላ ነው በል› ብሎኛል። ግን መጀመሪያ ቅልጥሜ የታለ?»

ቀበሮ ጭራውን ቆልፎ ሹልክ አለ። አንበሳም «ፍርድ ለሽኮኮ!» ብሎ የደረቀችውን አበባ በኩራት አስረከባት። ስታለቅስ ሲያያት ገረመው።

«ረትተሽ ምን ያስለቅስሻል?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ አገሯን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብዎ፤ ለእሷ ግን ለመሞት ሁለት ቀን በቃት። አሁን ልጆቼን ፍርድዎን ላጠጣቸው?»

ሽኮኮም ልጆቿን ይዛ ውሃ ፍለጋ ተሰደደች።

ከዚህ የምንማረው ሕይወት ያለው ነገር ከበቀለበት ተነቅሎ እየደረቀ ቀጠሮ የሚሰጥ ዳኛ፣ በመጨረሻ ለእውነት ቢፈርድ እንኳ ከነቀለው እንደማይሻል ነው።