የቤዛዊት ዳገት አንደኛ

በባሕር ዳር የአንድ ብስክሌት ክለብ ሊቀመንበር አቶ ምንውየለት፣ ጉዞ የሚመዘግብ መተግበሪያ በአባላቱ ስልክ ላይ ካስጫኑ ወዲህ፣ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ደረጃውን ይፈራ ጀመር። የቤዛዊት ዳገት አንደኛ ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ።

ለክልሉ ውድድር አንድ ሰው ብቻ ይላካል ተባለና፣ አንድ ማለዳ ሁሉም ዳገቱን ወጡ። ስልኩ እንደ ልማዱ ሊቀመንበሩን አንደኛ አለ። አባላቱ ግን ስማርት ስልክ የሌለው አንድ ግንበኛ አባል ሳይቀድማቸው አልቀረም እያሉ ያንሾካሽኩ ነበር። አቶ ምንውየለት ይህን ሰምተው ግንበኛውን በሁሉም ፊት አቆሙት።

"እኔን ቀድመሃል? ቀድሜያለሁ ካልክ ከስልክህ ማስረጃ አውጣ፤ ከሌለህ ውሸታም ነህና ከክለቡ ትባረራለህ። አልቀደምኩም ካልክ ደግሞ ውድድሩ የእኔ ነው።"

"ኧረ አልቀደምኩዎትም፣ ጋሼ" አለ ግንበኛው። "እኔ ሦስተኛ ነው የወጣሁት።"

"ሦስተኛ? ሁለተኛው ማን ነው ታዲያ?"

"እርስዎ ነዎት። አንደኛ የወጣው ሲሚንቶ የጫነው አይሱዙ ነው። ከኋላዎ ሆኜ ሰላም ልልዎት ፈልጌ ነበር። ግን አንዱ እጅዎ የብስክሌቱን መሪ፣ ሌላው የመኪናውን ጭራ ይዟል፤ በምን እጅ ይመልሱልኛል ብዬ ተውኩት።"

አባላቱ በሳቅ ፈረሱ። ሊቀመንበሩ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የክለቡ ጸሐፊ ብዕሩን አንስቶ፣ "ታዲያ እንዴት አድርጌ ልመዝግበው?" አለ።

"ጋሼንና አይሱዙውን አንድ ላይ ጻፋቸው" አለ ግንበኛው። "እኔን ለብቻዬ።"